የታላሃቺ ካውንቲ የመንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ደቡብ በመኪና የተጓዘ ሰው በየመንገዱ ዳር በምሰሶ ላይ የቆሙ የታሪክ ሰሌዳዎችን ማየቱ አይቀርም። አብዛኛው መንገደኛ ሳያነባቸው ያልፋል። ይህ ገጽ በሚሲሲፒ ግዛት ስለሚገኝ አንድ የገጠር ካውንቲ ሰሌዳዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታላሃቺ ካውንቲ የት ነው?

በሚሲሲፒ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ነው፤ የሚበዛው መሬቱ ዴልታ በሚባለው ለጥ ያለ የጥጥ ምድር ውስጥ ይገኛል። ዴልታ ሲባል ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ የሚመስላቸው አሉ፤ ባሕሩ ግን ከዚህ በጣም ሩቅ ነው። እዚህ ዴልታ የሚባለው በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተዘረጋው፣ ጎርፍ ለዘመናት ደለል ያለበሰው ሜዳ ነው። ካውንቲው የተቋቋመው በ1833 ሲሆን፣ ይህም የቾክታውና የቺካሶ ሕዝቦች መሬታቸውን እንዲለቁ ከተደረገ በኋላ ነው። ሁለት መቀመጫ ከተሞች አሉት፤ በምሥራቅ ቻርልስተን፣ በምዕራብ ሳምነር። ሁለቱም የየራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። ከዚህ በታች ደጋግመን የምናነሣው የሳምነሩን ነው።

ሰሌዳዎቹን የሚያቆመው መንግሥት ነው?

ሁሉንም አይደለም። ይህን ሳያውቁ ማንበብ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሰሌዳ ሁሉ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ይመስለዋልና።

በአሜሪካ ግዛቶች ዘንድ የታሪክ ሰሌዳን በመርሐ ግብር ደረጃ ማቆም ቀድሞ የተጀመረው በቨርጂኒያ ሲሆን፣ ጊዜውም 1927 ነው፤ አውቶሞቢል ሰፊውን ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳና ያወጣበት ዘመን ነበር። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬም በየዕለቱ በእነዚህ የቨርጂኒያ ሰሌዳዎች አጠገብ ያልፋሉ። ሚሲሲፒ የራሷን መርሐ ግብር የጀመረችው በ1949 ነው፤ የሚመራውም የግዛቱ የመዛግብትና የታሪክ መሥሪያ ቤት ነው። በአናታቸው ላይ የማግኖሊያ አበባ ያለባቸው አረንጓዴ ሰሌዳዎች የእሱ ናቸው።

ከእነዚህ ሌላ የብሉዝ ሙዚቃን ታሪክ የሚከተሉ ሰማያዊ ሰሌዳዎች አሉ፤ የመጀመሪያው የቆመው በ2006 ነው። የሲቪል መብት ትግሉን የሚዘክሩ የነፃነት ጎዳና ሰሌዳዎችም አሉ። በታላሃቺ ደግሞ የካውንቲው የኤሜት ቲል መታሰቢያ ኮሚሽን ያቆማቸው ወይን ጠጅ ሰሌዳዎች ይገኛሉ። አብያተ ክርስቲያናት፣ ማኅበራትና ቤተሰቦች በራሳቸው ወጪ ያቆሟቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት የሰሌዳውን ግርጌ ያንብቡ። ማን እንዳቆመውና በየትኛው ዓመት እንደቆመ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተጽፏል፤ ያ አንድ መስመር ስለ አካባቢው የሚናገረው ከዋናው ጽሑፍ የሚያንስ አይደለም።

ኤሜት ቲል ማን ነው? በዚህ ካውንቲስ ምን ደረሰበት?

ኤሜት ቲል በ1941 በቺካጎ የተወለደ ጥቁር ልጅ ነበር። በነሐሴ 1955፣ በ14 ዓመቱ፣ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ሚሲሲፒ መጣ። ያረፈው የአያቱን እህት ባገቡት በሰባኪው ሞዝ ራይት ቤት፣ በለፍሎር ካውንቲ መኒ በምትባል መንደር አቅራቢያ ነበር። በመንደሯ ወደሚገኝ ሱቅ በሄደበት ቀን በነጯ ባለሱቅ ላይ አፏጨ ተባለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የሴትየዋ ባል ሮይ ብራያንትና በእናት ወንድሙ የሆነው ጄ. ደብሊው. ማይላም መሣሪያ ይዘው መጥተው ልጁን ከመኝታው ወሰዱት። አሠቃይተው ገደሉት። አስከሬኑ ነሐሴ 31 በታላሃቺ ወንዝ ውስጥ ተገኘ፤ አንገቱ ላይ ከጥጥ መዳመጫ የተነቀለ ከባድ የብረት ማራገቢያ በእሾሃማ ሽቦ ታስሮ ነበር።

አስከሬኑ በታላሃቺ ካውንቲ ስለተገኘ ችሎቱ የተሰየመው በሳምነር ነበር። በወቅቱ ወደዚያ የጎረፉት ጋዜጠኞች በከተማዋ መግቢያ ላይ፣ ሳምነር ወንድ ልጅ ለማሳደግ የምትመች ሥፍራ መሆኗን የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዳዩ ጽፈዋል። ሞዝ ራይት በምስክርነት ቆመው ልጁን የወሰዱትን ሰዎች በእጃቸው ጠቁመው አሳዩ። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ አንድ ጥቁር ነጭን በፍርድ ቤት መወንጀሉ ሕይወቱን አደጋ ላይ መጣል ነበር፤ እሳቸውም ከምስክርነቱ በኋላ ግዛቱን ለቀው ወጡ። ዊሊ ሪድ የተባለ የ18 ዓመት ወጣትም ከአንድ ጎተራ የድብደባና የጩኸት ድምፅ መስማቱን መሰከረ።

ፍርዱን የሰጡት 12 የጁሪ አባላት፣ ማለትም ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ፈራጆች፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ወንድ ነበሩ። ከካውንቲው ሕዝብ የሚበዛው ጥቁር ቢሆንም ለመምረጥ የተመዘገበ ጥቁር ግን አልነበረም፤ የጁሪ አባላት ደግሞ የሚወጡት ከመራጮች መካከል ነው። ሴቶች በሚሲሲፒ በጁሪነት መቀመጥ የቻሉት ከ1968 ወዲህ ነው። ጁሪው 67 ደቂቃ ተመካክሮ፣ መስከረም 23 ሁለቱን በነፃ አሰናበተ። በጥር 1956 ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ ተከፍሏቸው መግደላቸውን ለሉክ መጽሔት ተናገሩ። አንድ ሰው በነፃ በተለቀቀበት ወንጀል ዳግመኛ ስለማይከሰስ ማንም አልነካቸውም።

የልጁ እናት ሜሚ ቲል አስከሬኑን ቺካጎ ካስመጡ በኋላ ሳጥኑ ክፍት ሆኖ እንዲሰናበቱት አደረጉ። በልጃቸው ላይ የተፈጸመውን ዓለም እንዲያየው ፈለጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አዩት። የአስከሬኑ ፎቶግራፍ መታተም የሲቪል መብት ትግሉን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰሌዳዎቹ የቆሙት ለምን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው?

የዚህ ገጽ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ መርሳት አይደለም፤ በታላሃቺ ማንም አልረሳም። የጁሪ አባላቱ ልጆችና ሰሚ ያጡት ሰዎች ልጆች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ፖስታ ቤት ይገናኙ ነበር። ጥቁሩ መተዳደሪያው በነጭ ባለርስት እጅ ስለነበር ዝም አለ። ነጩ ደግሞ በአፍረትም ይሁን በቁጣ የካውንቲው ስም እንዳይነሣ ስለፈለገ ዝም አለ። መጽሔቱ ያወጣው ቃልም ለዝምታው አግዟል፤ ገዳዮቹ ራሳቸው ነገሩን ተርከው የዘጉት ይመስል ነበርና።

ዝምታው የተሰበረው ሥልጣን ሲቀየር ነው። ጥቁሮች መምረጥና መመረጥ ከቻሉ በኋላ ጀሮም ሊትል የካውንቲው የአስተዳደር ቦርድ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2005 ከግሪንውድ እስከ ታትዋይለር ያለው የ49 ምሥራቅ አውራ ጎዳና በኤሜት ቲል ስም ተሰየመ፤ ብዙም ሳይቆይ በጎዳናው ምልክት ላይ የነጭ ዘረኞች ቡድን ስም በቀለም ተረጨበት። በ2006 ጥቁሮችና ነጮች አብረው የተቀመጡበት የመታሰቢያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጥቅምት 2 ቀን 2007 የካውንቲው ነዋሪዎች ተወካዮች በፍርድ ቤቱ ፊት ቆመው፣ ፍትሕ መጓደሉን አምነው ለቲል ቤተሰብ በይፋ ጸጸታቸውን ገለጹ። ስለ ችሎቱ የሚናገረው የግዛቱ ሰሌዳ በግቢው ውስጥ የቆመው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚሽኑ በካውንቲው ልዩ ልዩ ቦታዎች ስምንት ሰሌዳዎችን አቆመ።

ሰሌዳዎቹ የመጡት ለቱሪስት ገንዘብ ሲባል ነው የሚሉ ተቺዎች አሉ። ገንዘብ በጉዳዩ ውስጥ እንደነበረበት አይካድም። ፍርድ ቤቱ እያረጀ ነበር፤ ማደሻ ይፈለግ ነበር፤ ካውንቲው ድሃ ነው። ሆኖም በ1955 የነበረውን መልክ ይዞ እንዲታይ ወደታደሰው የችሎት አዳራሽ የገባ ሰው፣ የጁሪውን ወንበሮችና ሞዝ ራይት የመሰከሩበትን ክፍል ያየ ሰው፣ ገንዘቡ ለምን ተፈለገ ብሎ አይከራከርም። ሕንፃው እንዲፈርስ ቢተው ኖሮ የሚደሰቱት ታሪኩ እንዲጠፋ የፈለጉት ብቻ ነበሩ።

የወንዙ ዳር ሰሌዳ ለምን ደጋግሞ ተተካ?

ሰዎች ስለሚተኩሱበት። ግራቦል ላንዲንግ ከግሌንዶራ መንደር ወጣ ብሎ፣ በእርሻዎች መካከል በኮረኮንች መንገድ የሚደረስበት የወንዝ ዳር ነው፤ ኮሚሽኑ አስከሬኑ የወጣበትን ቦታ ለመዘከር የመረጠው ይህን ሥፍራ ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ በ2008 ቆሞ በዚያው ዓመት ተሰርቆ ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ሁለተኛው በየጊዜው እየተተኮሰበት ወንፊት ሆነ፤ ፎቶግራፉ በ2016 በመላው አሜሪካ ተሠራጨ። ሦስተኛው በሰኔ 2018 ቆመ፤ በ35 ቀን ውስጥ ተተኮሰበት። በ2019 ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠመንጃ ይዘው ከተበሳው ሰሌዳ አጠገብ የተነሡት ፎቶግራፍ ለሕዝብ ወጣ።

አራተኛው በጥቅምት 2019 ቆመ። ጥይት በማይበሳው ብረት የተሠራ፣ ከ500 ፓውንድ ማለትም ከ225 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት እንደተሰረቁና በጥይት እንደተበሱም በላዩ ላይ ተጽፏል። በእኔ እምነት ኮሚሽኑ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጥቃቱን ደብቆ አዲስ ሰሌዳ ከመትከል ይልቅ ጥቃቱ ራሱ የታሪኩ ክፍል መሆኑን መዝግቧል። ሰሌዳው በቆመ በሚቀጥለው ወር የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት እዚያው ፊልም ሲቀርጹ በደኅንነት ካሜራ ታይተዋል። ከ1955 የተረፈ ጥላቻ የለም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

በጥይት የተበሳውን ሰሌዳ ማየት ይቻላል?

ከ300 በላይ ቀዳዳ ያለበት ሰሌዳ በ2021 በዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ለእይታ ቀርቦ ነበር። ሚሲሲፒ ድረስ መሄድ ለማይችሉ የዋሽንግተን ነዋሪዎች ግን ሌላ ልንጠቁማቸው የምንችለው አለ። ልጁ መጀመሪያ የተቀበረበት ሳጥን በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አስከሬኑ በ2005 ለምርመራ ወጥቶ በአዲስ ሳጥን ሲቀበር አሮጌው ቀርቶ ስለነበር ቤተሰቡ ለሙዚየሙ ሰጠው።

በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው?

አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተዋሸ ባይሆንም እንኳ። ሁለት ምሳሌ እነሆ።

በግሌንዶራ በአሮጌ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ ሙዚየም አለ። የመንደሩ ሰዎች በልጁ አንገት ላይ የታሰረው ማራገቢያ የተወሰደው ከዚህ ነው ይላሉ፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን በዚህ አይስማሙም። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ኤሜት የተገደለው በታላሃቺ አልነበረም። የዊሊ ሪድ ምስክርነት የሚያመለክተው በጎረቤቱ ሰንፍላወር ካውንቲ፣ ድሩ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን ጎተራ ነው። ገዳዮቹ ለመጽሔት በሰጡት ቃል ጎተራውን ከታሪኩ አወጡት፤ በዚያ የነበሩ ሌሎች ሰዎችም አብረው ተሰወሩ። ብዙ ሰው መጽሔቱን ስላመነ ጎተራው ለአሥርተ ዓመታት የእርሻ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ቆየ። ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው የማንን ቃል መነሻ እንደሚያደርግ እዚህ ላይ ይታያል፤ ያመነው የገዳዮቹን ከሆነ ሰሌዳው በተሳሳተ ካውንቲ ይቆማል።

በሳምነር ፍርድ ቤት ግቢ ያለው የወታደር ሐውልትስ?

በ1913 የቆመ የኮንፌደሬሽን መታሰቢያ ነው፤ ባርነትን ለማስቀጠል ከፌዴራሉ መንግሥት ተገንጥለው ለተዋጉት ማለት ነው። ከጦርነቱ ማብቂያ 48 ዓመት በኋላ፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ተነጥቀው በነበረበት ዘመን መቆሙን ልብ ይበሉ። በ1955 ወደ ችሎቱ የገቡት ጥቁር ምስክሮችም በዚህ ሐውልት ግቢ አልፈው ነው የገቡት። ሐውልቱና የ2007ቱ ሰሌዳ አንድ ሣር ላይ መቆማቸው ብዙ ጎብኚ ያስቆጣል። ቁጣው ተገቢ ነው። ሁለቱን የተተከሉበትን ዓመት እያነጻጸሩ ማንበብ ግን ካውንቲው በማን እጅ እንደነበረና እንዴት እንደተለወጠ በግልጽ ያሳያል።

ከዚህ መከራ ሌላ ካውንቲው የሚታወቅበት ቅርስ የለም?

አለ፤ ትልቅም ነው። ደብሊው. ሲ. ሃንዲ የተባሉት የሙዚቃ አቀናባሪ በ1903 ገደማ በታትዋይለር ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቁ፣ አንድ ጥቁር ሰው የጊታሩን ክር በቢላዋ እየዳሰሰ ሲያንጎራጉር ሰሙ። በሕይወታቸው ከሰሙት ሁሉ እንግዳ ዜማ ሆነባቸው፤ ኋላም ብሉዝን በኖታ ጽፈው ለዓለም ካዳረሱት ሰዎች ዋነኛው ሆኑ። ጣቢያው ዛሬ የለም፤ በቦታው ሰሌዳና የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። የሃርሞኒካው ባለሙያ ሁለተኛው ሳኒ ቦይ ዊሊያምሰን የተቀበረውም በታትዋይለር አቅራቢያ ነው፤ ጎብኚዎች በመቃብሩ ላይ ሃርሞኒካ አኑረው ይሄዳሉ።

ሁለቱን ታሪኮች ለያይተው የሚጎበኙ አሉ፤ አንዱ ለሙዚቃ፣ ሌላው ለፍትሕ። የኤሜት አስከሬን ወደ ቺካጎ ከመላኩ በፊት የተዘጋጀው በዚያችው በታትዋይለር ነበር። ዜማውን የወለደው ኑሮና ልጁን የገደለው ሥርዓት ከአንድ የጥጥ ማሳ የበቀሉ ናቸውና አብረው ቢነበቡ ይሻላል።

የካውንቲው ቦታዎች አሁን ምን ዓይነት ጥበቃ አላቸው?

ሐምሌ 25 ቀን 2023፣ ኤሜት 82 ዓመት በሚሞላበት ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ባይደን የኤሜት ቲልና የሜሚ ቲል ሞብሊ (የእናቱ የኋላ ስም) ብሔራዊ መታሰቢያን አወጁ። ሦስት ቦታዎችን ያቀፈ ነው፦ ግራቦል ላንዲንግ፣ የሳምነር ፍርድ ቤት እና ቀብሩ የተፈጸመበት የቺካጎው ሮበርትስ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን። የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው።

ለመጎብኘት ከየት ልጀምር?

ከሜምፊስ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት በማይሞላ የመኪና ጉዞ ሳምነር ይደርሳሉ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በ2015 የተከፈተው የኤሜት ቲል ማዕከል አለ፤ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ወደ ችሎቱ አዳራሽ አስጎብኚ ይዘው ይገባሉና አስቀድመው ቀጠሮ ይያዙ። ከዚያ ግሌንዶራና ግራቦል ላንዲንግ ይከተላሉ። መኒ የሚገኘው የሱቁ ፍርስራሽ በሌላ ካውንቲ፣ በግል ይዞታ ላይ ስለሆነ ከመንገድ ዳር ሆነው ይመልከቱ። በዚያ በ2011 የቆመው የነፃነት ጎዳና ሰሌዳ በ2017 ሁለት ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል። በመንደሮቹ መካከል ነዳጅ ማደያም ሆነ ምግብ ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ተዘጋጅተው ይሂዱ። ከዝናብ በኋላ የወንዙ መንገድ ይጨቀያል።

ልጆች ይዤ ብሄድስ?

ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑት አዎ፤ ግን በመኪናው ውስጥ አስቀድመው ይንገሯቸው። ድንገት በሰሌዳ ላይ እንዲያነቡት አይተዋቸው። በአሜሪካ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አይሰሙትም፤ ኤሜትን የሚመስሉ ወንዶች ልጆች ናቸውና ይጠይቃሉ። ወላጆች መልሳቸውን አስበውበት ቢሄዱ ይበጃል።

የእኛ ማኅበር በሚኖርበት አካባቢ የታሪክ ሰሌዳ ማቆም ቢፈልግ ይችላል?

ይችላል። አሠራሩ በየግዛቱ ቢለያይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ ማመልከቻ ማስገባት፣ ታሪኩን በሰነድ ማስረዳት፣ የባለመሬቱን ፈቃድ ማግኘት፣ ወጪውን መሸፈን። ጽሑፉን የሚያጸድቀው የግዛቱ የታሪክ መሥሪያ ቤት ነው። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሠፈር በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በይፋ ሲሰየም፣ ማኅበረሰቡ ተደራጅቶ ከጠየቀ ስሙን በአደባባይ ማጻፍ እንደሚችል ታይቷል። አሁኑኑ መጀመር ያለበት ሥራ ሰነድ ማሰባሰብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶች፣ ምግብ ቤቶችና የመረዳጃ ማኅበራት ያቋቋሙ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መቅዳት፣ ፎቶግራፋቸውንና ደብዳቤያቸውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ታላሃቺ ሃምሳ ዓመት ስትጠብቅ ብዙ ምስክሮች ሞተውባታል።

የተሰበረ ወይም የተተኮሰበት ሰሌዳ ባገኝ ምን ላድርግ?

ጉዳቱን ከቅርብም ከሩቅም ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ቀኑንና ቦታውን ይመዝግቡ። ከዚያ በግርጌው ላይ ለተጻፈው አካል ያሳውቁ። ወድቆ ካገኙት አያንሡት፤ በራስዎ ለመጠገን ወይም ቀለሙን ለመፋቅም አይሞክሩ፤ ፖሊስ ማስረጃ ሊፈልግበት ይችላል። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በአካባቢው ካሉ ከመኪና አይውረዱ፤ ርቀው ሄደው ለካውንቲው ሸሪፍ ይደውሉ።